ቀን የወጣለትና ቀን የጣለው

ኦክቶበር 8፣ 2023 የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ኮከብ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ጀስቲን ጄፈርሰን ከካንሳስ ሲቲ ጋር ሲጫወት የታፋውን የኋላ ጡንቻ፣ ሃምስትሪንጉን፣ ይዞ ወጣ። በማግስቱ በቡድኑ ከተማ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አልነበረም። ነዳጅ ማደያው፣ ካፌው፣ የሥራ ቦታው ሁሉ ስለ አንድ ሰው ታፋ ያወራል። አንዱ ወር ይፈጃል ይላል። ሌላው የለም፣ ሁለት ወር ነው ይላል። ከዚያ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። አሁን ማን ይገባል? የሚገባውስ ልጅ ዕድሉን ይጠቀምበታል ወይ?

(ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአሜሪካን ፉትቦል ሊጉን፣ ኤንኤፍኤልን፣ በጥቅምትና በኅዳር ላሰላ ስል ራሴን ያመኛል።)

ጥያቄው በየዓመቱ፣ በየቡድኑ ይነሳል። ዋናው ሪሲቨር ይጎዳል ወይም ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል። የተጠባባቂው ስም ይነሳል። ቴሌቪዥን ላይ ከረባት ያሰሩት ሰዎች «እንግዲህ ይሄ የሱ ጊዜ ነው» ይላሉ። ከተሳካለት ጀግና ነው። ካልተሳካለት «አልተጠቀመበትም» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

እኔን ጥያቄው ጎደሎ ይመስለኛል። ስለሚገባው ልጅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከማን ላይ ነው የሚወስደው? ቀን የወጣለት ካለ ቀን የጣለው አለ። የሚኒሶታን ሪሲቨሮች ለተከታተለ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ኮከቡን አይደለም። ኮከቡማ ድኖ ይመለሳል። ቦታውን የሚያጣው ባለፈው ዓመት እንዲሁ ቀን ወጥቶለት የነበረው ሌላ ተጠባባቂ ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል ለማትከታተሉት ጥቂት ላስረዳ። በእኛ እግር ኳስ ተቀያሪ ቁጭ ብሎ ጥሪ ይጠብቃል። ሶልሻየር በ1999 ካምፕ ኑ ላይ ከወንበር ተነስቶ፣ በባከነ ሰዓት ባየርን ሙኒክን ጉድ ሲሠራ አይተናል። እዚያ አንዴ ከገባህ ኳስ ፍለጋ ራስህ መሮጥ ትችላለህ። የአሜሪካኑ ሪሲቨር እንዲህ ያለ ነፃነት የለውም። አሰልጣኙ ለእሱ የታሰበ ጨዋታ፣ ማለትም አስቀድሞ የተነደፈ አንድ ሙከራ፣ መጥራት አለበት። ፊት የቆሙት አምስት ግዙፎች ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ከተጋጣሚ መከላከል አለባቸው። ኳርተርባኩ ደግሞ ከሁሉም መርጦ ወደ እሱ ማየት አለበት። ይሄ ሁሉ ሲሟላ ነው ኳሷ የምትመጣው። «ዕድልህን ተጠቀም» የሚባለው ሰው መጀመሪያ የሌሎችን ፈቃድ ይጠብቃል።

ቦታውም ጠባብ ነው። አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ይይዛል። በጨዋታው ቀን ማሊያ የሚለብሱት ቢበዛ 48 ናቸው። ሪሲቨሮቹ አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው። ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰለፉት ሦስት ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው ታዲያ ምን ይሠራሉ? ይሮጣሉ። ቡድናቸው ኳሷን በእግር ጠልዞ ለተጋጣሚ ሲሰጥ፣ አንድም ሁለትም ሰው እየገፋቸው፣ ከዳር ተነስተው ሜዳውን ሰንጥቀው ኳስ የያዘውን ሰው ይጥላሉ። ስፔሻል ቲም ይባላል። ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል እነሱን ልብ የሚል የለም። አሰልጣኙ ግን ያያል። አምስተኛው ሪሲቨር እንጀራው ያለው እዚያ ነው፤ በእጁ ሳይሆን በትከሻው ይበላል። ከነዚህም በታች ፕራክቲስ ስኳድ አለ። አሥራ ስድስት ሰው ሳምንቱን ሙሉ አብሮ ሲለማመድ ሰንብቶ፣ እሁድ ካልተጠራ በቀር የራሱን ልብስ ለብሶ ጨዋታውን ያያል።

ልምምዱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ተጠባባቂ ለምን እንደሚቸገር የገባኝ የልምምዱ አሠራር ሲገባኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዋናዎቹ ከኳርተርባኩ ጋር የእሁዱን ጨዋታ ይሠራሉ። ተጠባባቂዎቹ ስካውት ቲም ይሆናሉ፤ ማለትም የሚመጣውን ተጋጣሚ ሆነው ይጫወታሉ። አሰልጣኙ ካርድ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካርዱ ላይ የተጋጣሚው ሪሲቨር የሚሮጥበት መስመር ተስሏል። ልጁ ያንን ይሮጣል። ኳስ የሚወረውርለትም ተጠባባቂው ኳርተርባክ ነው። እንዲህ ሌላ ሰው ሆኖ ይሰነብታል። እሁድ በሁለተኛው ኳርተር (የጨዋታው ሁለተኛ ሩብ) ኮከቡ ታፋውን ሲይዝ «ግባ» ይባላል። የገዛ ቡድኑን ጨዋታ አብዛኛውን ያጠናው በወረቀትና በቪዲዮ ነው።

ኳርተርባኩ ደግሞ ኳሷን የሚለቃት ሪሲቨሩ ፊቱን ሳያዞር ነው። ሪሲቨሩ ዞር ሲል ኳሷ ደረቱ ጋ ደርሳለች። ይሄ የሚሠራው ሁለቱ ሺህ ጊዜ አብረው ሲሠሩት ነው። ልጁ አንድ እርምጃ ካጠረ ኳሷ የተከላካዩ ናት፣ ስሙም በማግስቱ ይብጠለጠላል።

ወደ ሚኒሶታ ልመለስ። ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ተራ በተራ የሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ አለ። በ2013 ቫይኪንግስ ኮርዳሬል ፓተርሰን የሚባል ሪሲቨርን በአንደኛው ዙር 29ኛ አድርጎ መረጠው። ያን ኦክቶበር ከግሪን ቤይ ጋር የመክፈቻዋን ኳስ ተቀብሎ 109 ያርድ (መቶ ሜትር ያህል) ሮጦ ታችዳውን ገባ፤ ኳሷን የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር አሳለፈ ማለት ነው። ከዚያ የሚረዝም ሩጫ ሜዳው ራሱ አይፈቅድም። ሁሉም የወደፊቱ ኮከብ ነው አለ። በሁለተኛው ዓመት ግን የሪሲቨርነቱ ሥራ አልያዘለትም፤ መስመሩን ጠብቆ መሮጥ፣ በሰዓቱ መዞር፣ እንዲህ ያለው። (በኋላ ኳስ በመመለስ ሪከርድ ሰባሪ ሆነ፤ የመክፈቻ ኳስ ተቀብሎ ዘጠኝ ጊዜ ታችዳውን የገባ ሌላ ሰው የለም። ሰው ያለቦታው ሲቀመጥ እንዲህ ነው።)

የፓተርሰንን ቦታ የወሰደው ቻርልስ ጆንሰን ነው። ጆንሰን በሰባተኛው፣ በመጨረሻው ዙር የተመረጠ ልጅ ነው። ከግሪን ቤይ ወደ ክሊቭላንድ ተገፍቶ፣ በ2014 ሚኒሶታ ከክሊቭላንድ ፕራክቲስ ስኳድ አነሳችው። በዚያው ዓመት በያዛቸው ኳሶች ቡድኑን 475 ያርድ ወደፊት ወሰደ። በአንደኛው ዙር የተመረጠው ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እሱ ይሰለፋል። ለ2015 ቦታው የእሱ ነበር። ቀን ወጣለት፣ ተባለ።

ቀኑ አልረዘመም። የ2015 ወቅት ገና ሲጀምር ተጎዳ። ስቴፎን ዲግስ የሚባል፣ በአምስተኛው ዙር 146ኛ የተመረጠ አዲስ ልጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ማሊያ እንኳ አልለበሰም። በአራተኛው ጨዋታ ዴንቨር ላይ ገባና 6 ኳስ ይዞ 87 ያርድ ሄደ። በቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎች መቶ ያርድ አለፈ። ጆንሰን ሲያገግም የሚመለስበት ቦታ አልነበረም።

አዲሱ ስቴዲየም በ2016 ሲከፈት እኔ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። እሁድ ጠዋት ሐምራዊ የለበሰ ሰው የጫነ መኪና ይሰለፋል። ትኬት እየሰጠሁ ማሊያ አነባለሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል። አብዛኛው የዲግስን 14 ቁጥር ለብሷል። አንድ ሽማግሌ ግን በየጨዋታው 12 ቁጥር፣ ጆንሰን የሚል ማሊያ ለብሶ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ አሁን እኮ ዲግስ ነው፣ ለምን አትቀይረውም አልኩት። «ለሁለተኛ ማሊያ የሚሆን ገንዘብ የለኝም» አለኝ። «ደግሞስ የዲግስንም ቦታ የሚወስድ ይመጣል። በየዓመቱ ማሊያ ልግዛ?» መስኮቱን ዘግቶ ገባ። ከረባት ካሰሩት ሁሉ የተሻለ ትንተና የሰማሁት ከሱ ነው።

ያ ሰው ይህን ሲለኝ አዳም ቲለን ተነስቶ ነበር። የቲለን ታሪክ እዚህ አገር፣ በተለይ ሚኒሶታ፣ ልጆች የሚያድጉበት ተረት ሆኗል። ከዲትሮይት ሌክስ ነው፣ እዚሁ ሚኒሶታ ያለች ትንሽ ከተማ። ማንኬቶ ያለው ኮሌጅ የሰጠው ስኮላርሺፕ 500 ዶላር ነበር። ዓመታዊው ምርጫ ላይ የጠራው የለም። በ2013 ቫይኪንግስ ለሙከራ ጠራው። ያን ዓመት ሙሉ ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ቆየ። በ2014 ስፔሻል ቲም ላይ ይሮጥ ጀመር። ከካሮላይና ጋር ተጋጣሚ የጠለዛትን ኳስ አግዶ፣ አንስቶ፣ 30 ያርድ ሮጦ ታችዳውን ገባ። ሪሲቨር ሆኖ ግን በ2014 የያዘው 8 ኳስ፣ በ2015 ደግሞ 12 ነው።

ከዚያ ኦክቶበር 9፣ 2016 ከሂውስተን ጋር ዲግስ ተጎድቶ አልተሰለፈም። ቲለን 7 ኳስ ይዞ 127 ያርድ ሄደ፣ ታችዳውንም ጨመረ። ሰው ያየው ይችን እሁድ ነው። ከሷ በፊት ሦስት ዓመት አልፏል። በዚያ ሦስት ዓመት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። የሁሉንም ሪሲቨር ቦታ አጥንቷል፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ የመሀሉን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ከተሰጥኦም በላይ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የሚያውቅ ተጠባባቂ የሚጠብቀው የአንድ ሰው ጉዳት ነው። ሦስቱንም የሚያውቅ ግን ማንም ይጎዳ ማን የሚጠራው እሱ ነው። ያን ዓመት 967 ያርድ ይዞ ጨረሰ። በ2018 ደግሞ ወቅቱን በተከታታይ ስምንት ጨዋታ መቶ ያርድ እያለፈ ከፈተ። ከሱ በፊት ለስምንት ተከታታይ ጨዋታ መቶ ያርድ ያለፈው ካልቪን ጆንሰን ብቻ ነበር።

ግን ላኳን ትሬድዌልም ነበር። ቫይኪንግስ በዚያው በ2016 በአንደኛው ዙር 23ኛ የመረጠው ነው። ለእሱ ቦታ ሊከፈት ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቱ አንድ ኳስ ያዘ። አንድ። 15 ያርድ። የቲለን ቀን ሲወጣ የትሬድዌል በር ተዘጋ። ትሬድዌል ሚኒሶታ አራት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ሰነፍ ነው የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። በዚያ ጊዜ ከዲግስና ከቲለን ፊት ቀድሞ የሚሰለፍ ብዙ ሰው በሊጉ አልነበረም።

በ2019 ቲለን ሃምስትሪንጉን ተጎዳ። (የዚህ ከተማ ታሪክ በሃምስትሪንግ የተጻፈ ነው።) በሰባተኛው ዙር የተመረጠ አዲስ ልጅ ቢሲ ጆንሰን ገባ። 31 ኳስ፣ 294 ያርድ፣ 3 ታችዳውን። የሚያንጸባርቅ ቁጥር አይደለም። ያለበትን ግን አልሳተም፤ የተባለበት ቦታ ይገኛል። አሰልጣኞቹ አመኑት። በ2020 ዲግስ ወደ ቡፋሎ ሲሄድ የዲግስን ቦታ የያዘው ቢሲ ነው። በዲግስ ምትክ በተገኘው የምርጫ ተራ ደግሞ ቡድኑ 22ኛ አድርጎ አንድ ልጅ መረጠ። ጀስቲን ጄፈርሰን ይባላል።

አዎ፣ ጄፈርሰንም ተጠባባቂ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ቋሚ ሆኖ የተሰለፈው ቢሲ ነው። ቡድኑ ሁለቱንም ተሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ ከቴነሲ ጋር ጄፈርሰንን አስገቡት፤ 7 ኳስ፣ 175 ያርድ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ዓመቱን በ1,400 ያርድ ጨረሰ። ቢሲ ምን አጠፋ? ምንም። ያደረገው ጥፋት አልነበረም፣ የሚሻለው ሰው መጣ እንጂ። በ2021 ከወቅቱ በፊት በነበረው ልምምድ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2022 እንደገና ጉልበቱ ተበጠሰ። ስለ ጄፈርሰን የመጀመሪያ ዓመት የሚያወሩ ሰዎች የቢሲን ስም ሲያነሱ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያውም እንደ ቀልድ፣ «ማንን አስቀድመው እንደነበር ታውቃለህ?» እያሉ።

ከሚኒሶታ ልውጣ፤ ምክንያቱም ይሄ ሁሉ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሜዳ የተጠቃለለበት ጨዋታ አለ። ፌብሩዋሪ 1፣ 2015፣ ሲያትልና ኒው ኢንግላንድ፣ ሱፐር ቦውል፤ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ።

ሲያትል ውስጥ ክሪስ ማቲውስ የሚባል ረጅም ሪሲቨር ነበር። ካናዳ ተጫውቷል። ሲያትል ለሙከራ ሲደውልለት ፉት ሎከር የሚባል ሱቅ ውስጥ ጫማ ይሸጥ ነበር። እስከዚያ ምሽት ድረስ በኤንኤፍኤል አንድም ኳስ ይዞ አያውቅም። የመጀመሪያዋን በሱፐር ቦውል ያዛት፤ 44 ያርድ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ደግሞ ታችዳውን አገባ፤ 14 ለ 14። በጠቅላላው 4 ኳስ፣ 109 ያርድ። ዕድሉን የተጠቀመ ተጠባባቂ ካላችሁ ከዚህ በላይ የለም።

ኒው ኢንግላንድ ግን ዝም ብሎ አላየም። ብራንደን ብራውነር የሚባለውን ረጅም ተከላካይ አመጡና ማቲውስ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ወዲያ የልጁ ምሽት ቀዘቀዘ። ያው ዓመት ሳያልቅ ሲያትል አሰናበተው። የተጠባባቂ መከራ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሲገባ ማንም አያውቀውም፣ ተጋጣሚው ያጠናው ቪዲዮ የለም። አንዴ ካበራ ግን የሚቀጥለው ተጋጣሚ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ያጠናል። እና አንድ ቀን ያበራ ሁሉ ቦታ አገኘ ማለት አይቻልም። እኔ ሁልጊዜ የማየው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ነው። ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ ኳርተርባኩ ሲጨንቀው፣ ሦስት ሰው ሲከበው፣ ወደ ማን ነው የሚያየው? ወደ ልጁ ካየ ነገሩ አለቀ።

የዚያ ጨዋታ መጨረሻ ደግሞ ይታወቃል። ሲያትል 28 ለ 24 ተመርቷል። ሃያ ስድስት ሰከንድ ቀርቷል፣ ለማግባት አንድ ያርድ። የሲያትል ኳርተርባክ ራስል ዊልሰን ወረወረ። የወረወረው ለማን ነበር? ለሪካርዶ ሎኬት። ሌላ ተጠባባቂ፤ ምርጫ ላይ ማንም ያልጠራው፣ ኑሮው ስፔሻል ቲም ላይ የሆነ ልጅ። በዓለም ትልቁ ጨዋታ የመጨረሻዋ ኳስ ወደ እሱ መጣች። የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር ቀድሞ ነጠቃት። እሱም ተጠባባቂ ተከላካይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ባስታወስኩት ቁጥር የሚገርመኝ። በትለር ኳሷ ወዴት እንደምትወረወር እንዴት አወቀ? ከጨዋታው በፊት ኒው ኢንግላንድ በልምምድ ላይ ስካውት ቲሙን ሲያትል አስመስሎ ያንኑ ሙከራ ሠርቶት ነበር። ተጠባባቂው ኳርተርባክ ጂሚ ጋሮፖሎ ወረወረ። ጆሽ ቦይስ የሚባል የፕራክቲስ ስኳድ ሪሲቨር በትለርን ቀድሞ ኳሷን ያዘ፣ አገባ። አሰልጣኙ በትለርን ገሠጸው። በሱፐር ቦውሉ ያንኑ አሰላለፍ ሲያይ ገባው፣ ቀደመ። ቦይስ ያን ምሽት ማሊያ አልለበሰም። እኔ ግን የዚያ ሱፐር ቦውል ትልቁ የሪሲቨር ሥራ የእሱ ነው ባይ ነኝ። ካርድ አይቶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ፣ ባዶ ሜዳ ላይ የሠራው። የትም ቁጥር ላይ አይገባም።

ሎኬት ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ዳላስ ላይ በስፔሻል ቲም ሲሮጥ አንገቱን ተመታ። መራመድ ቻለ፣ ተመስገን ነው። ተጫዋችነቱ ግን በዚያው አበቃ።

ዴቪድ ታይሪን ሰው ሁሉ ስለሚያነሳው በአጭሩ። በ2008ቱ ሱፐር ቦውል ኳሷን ከራስ ቁሩ ጋር አጣብቆ የያዛት የኒው ዮርኩ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ የያዘው 4 ኳስ ነበር። ከዚያች በኋላ በኤንኤፍኤል ሌላ ኳስ አልያዘም። ሰዎች ይሄን ሲናገሩ ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። ሌላው ዕድሜ ልኩን ይዞ እሷን የምታህል አላገኘም።

ቫይኪንግስ አሁን የሚለማመደው ኢገን ነው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ። በበጋ ሕዝብ ገብቶ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። አንድ ዓመት ካፌ የማገኛቸውን አንድ ጋሼ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ይህን ጨዋታ አይወዱትም። «ሦስት ሰከንድ ይሮጡና ግማሽ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ ልክ እንደ እድራችን» ይላሉ። ልምምዱ ሲያልቅ ኮከቦቹ ወደ አጥሩ መጡ፣ ልጆች ማሊያና ኳስ ዘርግተው ይጮኻሉ፣ ፊርማ ይሰጣል። ጋሼ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሜዳው ያያሉ። ኳስ የሚተፋ ማሽን አለ፤ ሁለት ጎማ እየተሽከረከረ ኳሷን ያስፈነጥራታል። ፊቱ አንድ ልጅ ቆሟል። ስሙን አላወቅነውም። ማሽኑን የሚያጎርሰው ሌላ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በግራው ብቻ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ ነው የሚዞረው። አንዷ ጣቱን መታችው መሰለኝ፣ እጁን አራገፈና ደግሞ ጀርባውን ሰጠ።

«ይሄ ልጅ ዋናው ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«አይደለም። ምናልባት ኦገስት መጨረሻ ላይ የሚሰናበት ነው።»

«ታዲያ ምን ያለፋዋል?»

አንዱ ከተጎዳ ይጠሩታል አልኳቸው። ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። «የሰው ጉዳት ጠብቆ መብላት» አሉ። ክፉ ሥራ ነው ለማለት ፈልገው ነበር መሰለኝ። ልጁ ግን የማንንም ጉዳት የሚመኝ አይመስልም ነበር። ማሽኑን ነው የሚያየው።

እንግዲህ ወደ 2023። ጄፈርሰን ሰባት ጨዋታ አመለጠው። ቡድኑ ያለሱ በተከታታይ አምስት አሸነፈ፤ ከተማው የፈራውን ያህል አልሆነም። ከሁሉ የማልረሳው ኖቬምበር 5 አትላንታ ላይ የሆነውን ነው። ኳርተርባኩ ከርክ ከዝንስ ከሳምንት በፊት የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወቅቱ አብቅቶለታል። የተተካው አዲስ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። የገባው ጆሽ ዶብስ ነው። ቡድኑን ከተቀላቀለ ገና አምስት ቀኑ። የአንዳንዶቹን ስም እንኳ በቅጡ አያውቅም። አሰልጣኙ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለው ሬዲዮ ጨዋታውን እያስረዳው ነው የሚጫወተው። ሪሲቨሩ ኬጄ ኦዝቦርንም ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጥቷል። እና ሃያ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ዶብስ ወረወረ፣ ብራንደን ፓወል ያዘ፣ ቫይኪንግስ 31 ለ 28 አሸነፈ።

ፓወል ምርጫ ላይ ያልተጠራ፣ አጭር፣ ብዙ ጊዜ ኳስ ለመመለስ የሚገባ ሪሲቨር ነው። ዶብስ ከሱ ጋር ሺህ ጊዜ አልሠራም፤ ምንም አልሠራም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ከላይ ስለ መተማመን ያልኩትን ሁሉ ይህች ኳስ ታፈርሳለች ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው። ያን ዕለት ለዶብስ ሁሉም እኩል ነበሩ። ዋና የለ፣ ተጠባባቂ የለ፤ ለሱ ሁሉም ማሊያ የለበሰ እንግዳ ነው። ያየው ነፃ የቆመውን ነው። ነፃ የቆመው ፓወል ነበር። ኳርተርባኩ የሚያውቀው ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው ተጠባባቂ ከሌላው እኩል የሚሆነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ቲለን በዚያን ጊዜ ሚኒሶታ አልነበረም። በ2023 መጀመሪያ አሰናበቱት፣ ወደ ካሮላይና ሄደ፣ እዚያም በመጀመሪያው ዓመቱ ሺህ ያርድ አለፈ። ቦታውን ጆርዳን አዲሰን ያዘው፤ በዚያው ዓመት በአንደኛው ዙር የተመረጠ። በኦገስት 2025 አዲሰን ለሦስት ጨዋታ ሲታገድ ቫይኪንግስ ቲለንን ከካሮላይና መልሶ አመጣው። 35 ዓመቱ ነበር። ከተማው ሠርግ ሆነ፤ 19 ቁጥር ማሊያ ከየቁም ሳጥኑ ወጣ። አዲሰን ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ቲለን የሚገባበት ደቂቃ እያነሰ ሄደ። ወቅቱ ሳያልቅ ተለያዩ።

ወሬው ካፌ ውስጥ ሲነሳ ጋሼ ማኪያቶአቸውን እያማሰሉ፣ «በገዛ አገሩ ተጠባባቂ ሆኖ ጀምሮ ተጠባባቂ ሆኖ ጨረሰ በለኛ» አሉኝ።

«አልጨረሰም ጋሼ። ፒትስበርግ ወስዶታል።»

«እዚያስ ማንን ሊያስነሳ ነው?»